አሴቶን የነካው ክንፍ

ከሬሖቮት ነው የማወራችሁ። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፣ ግን ቂርያት ሞሼ ውስጥ ዓርብ ከሰዓት ጸጥታ የሚባል ነገር የለም፤ ከታች ልጆች ሲጮኹ ብትሰሙ አትገረሙ። ይህን የምታነቡት ደግሞ ያው እንደተለመደው የቀረጻውን ግልባጭ ነው። ብዙ «እንትን» አውጥቼለታለሁ፣ ሁሉንም ግን አልቻልኩም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬው ታሪክ እኔ ካበላሸሁት ነገር ይጀምራል።

በዕብራይስጥ «ዳኦን» የምንለውን ታውቃላችሁ፤ ሞተር የሌለው፣ ረጅም ነጭ ክንፍ ያለው፣ በሞቃት አየር እየተንሳፈፈ የሚወጣ አውሮፕላን። መጊዶ በኩል ያለፈ ሰው ሰማይ ላይ ሲዞሩ ሳያይ አይቀርም። አንዷ ጓደኛዬ መብረር ትማራለች፣ ባለፈው ቃይጽ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ክለቡን ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የኔ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ገና ሳትበሩ ሥራ ይሰጣችኋል። ክንፍ ትይዛላችሁ፣ ገመድ ትጎትታላችሁ፣ ማታ ደግሞ ታጥባላችሁ።

ክንፉ ከገላው ጋር የሚጋጠምበትን ክፍተት አየር እንዳይገባበት በነጭ ፕላስተር ይሸፍኑታል። ቀኑ ሲያልቅ ፕላስተሩ ይላጣል፣ ሙጫው ግን እዚያው ይቀራል። ቀኑን ሙሉ በኛ ፀሐይ የተጋገረ ሙጫ በጥፍር አይለቅም። ጋራዡ መደርደሪያ ላይ አንድ ትልቅ ጠርሙስ አየሁ፣ «አሴቶን» ይላል። አሴቶን አውቃለሁ፣ የጥፍር ቀለም አስለቅቄበታለሁ። ጨርቁን በደንብ ነክሬ ሙጫው ላይ አስቀመጥኩትና «ትንሽ ይለስልስ» ብዬ ውኃ ልጠጣ ሄድኩ።

ስመለስ ሙጫው ለቋል። ከሙጫው ጋር ግን የክንፉ ማብረቅረቅም ለቋል። የእጄን መዳፍ የሚያህል ቦታ ደብዝዞ፣ ስነካው ትንሽ እየተጣበቀ ጠበቀኝ። ያ አንሶ፣ ጥቂት ጠብታዎች ፓይለቱ የሚቀመጥበት ግልጽ ክዳን ላይ ወርደው ነበር። እዚያ ላይ ውርጭ የመሰለ ነጭ ነገር ሠርተዋል። ጠረግኩት፣ አልለቀቀም። ለካ እድፍ አይደለም፣ ፕላስቲኩ ራሱ ውስጡ ተሰነጣጥቋል።

አሰልጣኙ አልጮኸብኝም። ዝም ብሎ አየውና «ማነው ያስተማረሽ?» አለኝ። ማንም አላስተማረኝም፣ እውነቱ ያ ነው።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ሃያ ምናምን ዓመት ጽዳት ሠርታለች፣ ቢሮም፣ ላቦራቶሪ ያለበት ሕንፃም። እጇን አገልግሎት ላይ ካዋለችው ነገር ሁሉ የማታውቀው ኬሚካል ጥቂት ነው፣ ስሙን ባትጠራውም። «ጥግ ላይ ሳትሞክሪ?» አለችኝ። ያን ብቻ። ከዚያ ሻይ ቀዳችልኝ።

እኔ ደግሞ እንደምታውቁኝ ሲከነክነኝ አልተወውም፣ ማንበብ ጀመርኩ። እና ምን አገኘሁ መሰላችሁ? ይህ አሴቶን የሚባለው ነገርና አውሮፕላን ከመቶ ዓመት በላይ የሚተዋወቁ ናቸው። በታሪካቸው መሀል ደግሞ በየቀኑ በበሩ የማልፍበት ሰው ተቀምጧል።

መጀመሪያ አንድ ቃል እንስማማ። ሌላ ነገር የሚያሟሟ ፈሳሽ በአማርኛ የትምህርት መጻሕፍት «አሟሚ» ይባላል። ውኃ ለስኳር አሟሚ ነው። ለዘይት ግን አይደለም። «ጠንካራ አሟሚ» ሲባል ብዙ ሰው «ሁሉን የሚያጸዳ» ይመስለዋል፣ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ነገሩ ግን ጥንካሬ ሳይሆን ዝምድና ነው። አሟሚው የሚመስለውን ፈልጎ ያሟሟል፤ እድፉ ይሁን ከእድፉ ሥር ያለው ነገር ይሁን ለሱ ግድ የለውም።

አሁን ወደ 1914 እንሂድ። የዚያ ዘመን አውሮፕላን እንጨት፣ ሽቦና ጨርቅ ነው። በእንጨቱ አጥንት ላይ የተልባ እግር ጨርቅ ይወጠራል። ጨርቅ ግን አየር ያሳልፋል፣ ዝናብ ይጠጣል፣ ይረግባል። ስለዚህ «ዶፕ» የሚባል ፈሳሽ ይቀቡታል። ዶፕ ማለት ፕላስቲክ የመሰለ ነገር በአሟሚ ውስጥ ሟሙቶ ማለት ነው። ትቀቡታላችሁ፣ አሟሚው በኖ ይሄዳል፣ የቀረው ደርቆ ጨርቁን እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥሮ ይይዘዋል። ከዚያ በፊት ያለው ዓይነት በእሳት ቶሎ ስለሚያያዝ፣ ሴሉሎስ አሲቴት የሚባለውን መጠቀም ጀመሩ። ይህን ለማሟሟት ደግሞ አሴቶን አንዱ ምርጫ ነው። ሌላው ቴትራክሎሮኤቴን ይባላል።

ቴትራክሎሮኤቴን ለክንፉ ግሩም ነበር። በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የሚተወው ሽፋን ለስላሳና እኩል ይሆናል። ሽታው እንደ ክሎሮፎርም ጣፋጭ ነው ይላሉ። ችግሩ የት ነው? እንፋሎቱ ከአየር በጣም ይከብዳል፣ ክፍሉ ውስጥ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከላይ መስኮት ብትከፍቱለት እምብዛም አይወጣም። ዶፕ በሚቀባባቸው ክፍሎች ውስጥ ደግሞ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፣ ወንዶቹ ወደ ጦርነት ሲሄዱ የገቡ ወጣት ሴቶች።

በ1914 መጨረሻ ለንደን አጠገብ ሄንደን በሚባለው የአውሮፕላን መሥሪያ ቦታ ሠራተኞች ዓይናቸው ቢጫ እየሆነ መታመም ጀመሩ። እናቶቻችን «የወፍ በሽታ» የሚሉት ዓይነት፤ ጉበት ሲጎዳ የሚመጣው። ጀርመን አገርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ምግብ ያስጠላቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ከዚያ ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል። የሞቱ አሉ። ሐኪሞች መርምረው ከዶፑ አሟሚ የመጣ መሆኑን አረጋገጡ፣ የእንግሊዝ መንግሥትም ከጥር 1 ቀን 1916 ጀምሮ እንዲህ ያለ የጉበት መመረዝ ያየ ሐኪም ሁሉ እንዲያሳውቅ ግዴታ አደረገ። በዚያው ዓመት ውስጥ ቴትራክሎሮኤቴን ከዶፕ እንዲወጣ ተደረገ።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። ፈሳሹ የተመረጠው «ደኅና» ስለሆነ ነው። ለማን ደኅና? ለጨርቁ። ለእሳት። ለፓይለቱ። ብሩሹን ስለያዘችው ልጅ ግን ማንም አልጠየቀም፣ ዓይኗ ቢጫ እስኪሆን ድረስ። ይህን ሳነብ ስለ ማን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ። እማዬ መጀመሪያ ሥራ የገባችበት ቦታ፣ የትም ይሁን፣ ምልክት የሌለው ቢጫ ጄሪካን ይሰጧቸው ነበር። ዕብራይስጥ ማንበብ ገና አትችልም፤ ምልክት ቢኖረውም አይጠቅማትም ነበር። «ቀጥኚውና ጥረጊበት» ነው የተባለችው። ከሷ ጋር የምትሠራ አንዲት የአገራችን ሴት ሳል ይዟት ሥራ ተወች። ከፈሳሹ ይሁን ከሌላ እኔ አላውቅም፣ እማዬም ያን አትልም። ግን ጄሪካኑን ታስታውሰዋለች፣ ቀለሙን ሳይቀር።

እሺ፣ ወደ አሴቶን።

ቴትራክሎሮኤቴን ሲወጣ በየዶፑ ውስጥ አሴቶን ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። ግን ያኔ አሴቶን ሌላም ትልቅ ፈላጊ ነበረው፤ ኮርዳይት የሚባለው ጭስ አልባ ባሩድ። ኮርዳይት ሲሠራ ሁለቱን ዋና ፈንጂዎች አንድ ላይ የሚያለሰልሰውና እንደ ሊጥ የሚያደርገው አሴቶን ነው። እንግሊዞች አሴቶንን የሚያገኙት እንጨት ከሚያከስሉ ፋብሪካዎች ነበር፣ አብዛኛውንም ከአሜሪካ ያስመጡታል። በ1915 መድፎቹ ጥይት ሲያጥራቸው አሴቶንም አጠረ።

እዚህ ላይ ነው ሐይም ቫይጽማን የሚገባው። አዎ፣ የመጀመሪያው የእስራኤል ፕሬዚዳንት፣ የማኾን ቫይጽማን ቫይጽማን። በ1874 ሞቶል በምትባል የዛሬዋ ቤላሩስ መንደር ተወለደ፣ ከ1904 ጀምሮ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ይሠራ ነበር። የሚገርመው አሴቶን እየፈለገ አልነበረም። ሰው ሠራሽ ጎማ ለመሥራት የሚሆን ቡታኖል የሚባል አልኮል ነበር የሚፈልገው፣ ያንን የሚሰጥ ባክቴሪያ ሲያስስ አንዲት ትንሽ ፍጥረት አገኘ። ዛሬ ክሎስትሪዲየም አሴቶቡቲሊኩም ትባላለች። አየር አትወድም፤ የበቆሎ ገንፎ ስጧትና በሩን ዝጉባት፣ ታብላላዋለች። ከሚወጣው ፈሳሽ ከ10 እጅ 6ቱ ገደማ ቡታኖል፣ 3ቱ አሴቶን፣ 1ዱ ደግሞ እንደ ጠላ ውስጥ ያለው አልኮል ነው። ጠላ ወይም ጠጅ የሚጠምቅ ቤት ያደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ጥንስስ ነው፣ ጥንስሱ ብቻ ሌላ ነው።

ቫይጽማን በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ ያኔ የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር የነበረው ቸርችል 30,000 ቶን አሴቶን እንደሚያስፈልገው እንደነገረው ይተርካል። ከዚያ በፊት ቫይጽማን ላቦራቶሪው ውስጥ የሚሠራው በጠርሙስ ነው! ሙከራውን ለንደን ውስጥ ብሮምሊ ባይ ቦው በሚባል ሰፈር አንድ የጂን ፋብሪካ ውስጥ አሰፉት። ቀጥሎ ዶርሴት ውስጥ ሆልተን ሂዝ በሚባለው የባሕር ኃይሉ የባሩድ ፋብሪካ ትልልቅ ጋኖች ተሠሩ። በ1917 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የበቆሎውን መንገድ ሲያጠብቡ የእንግሊዝ ተማሪዎች ከመናፈሻና ከመንገድ ዳር የዱር ፍሬ እንዲለቅሙ ተደረገ፤ ዓርሞን የሚመስል፣ ግን ሰው የማይበላው ፍሬ። ፍሬው ብዙም አልተሳካም። ሥራው በአብዛኛው ወደ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ወደ አንድ የዊስኪ ፋብሪካ ተዛወረ፣ አሜሪካም ውስጥ ኢንዲያና ክፍለ ግዛት ቴሬ ሆት ላይ ሌላ ተከፈተ።

ትምህርት ቤት «ቫይጽማን አሴቶን ሰጠ፣ እንግሊዝ የባልፎር መግለጫን ሰጠችው» የሚል ተረት ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም ሰምቻለሁ፣ ቆንጆ ተረት ነው። ያመጣው የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሎይድ ጆርጅ ነው፣ በ1930ዎቹ ባሳተመው ትዝታ። የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም፤ የኅዳር 2 ቀን 1917ቱ መግለጫ ከጦርነቱ ፖለቲካ የመጣ ነው። ቫይጽማን ራሱም ነገሩ እንዲያ ቀላል ቢሆን ኖሮ ደስ ባለው ነበር በሚል መንፈስ ነው የጻፈው። አሴቶኑ የሰጠው ነገር ሌላ ነው፤ የሹማምንቱን በር እንዲያንኳኳ ስም ሰጠው። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ራሱ ትንሽ አይደለም።

ከጦርነቱ በኋላ ዕጣው ተገለበጠ። አሴቶን ተረፈ፣ ማንም የማይፈልገው የነበረው ቡታኖል ደግሞ ተወደደ፤ በ1920ዎቹ ቶሎ የሚደርቀው አዲሱ የመኪና ቀለም አሟሚ ከሱ ስለሚሠራ። በ1934 ቫይጽማን ሬሖቮት ውስጥ፣ ብርቱካን መሀል፣ የዳንኤል ዚፍ ተቋምን ከፈተ። በ1949፣ በባልፎር መግለጫ ቀን ላይ፣ ማኾን ቫይጽማን የሚለውን ስም ያዘ። በ1952 ሲሞት የተቀበረውም እዚሁ ነው። የሱ ጥንስስ ግን አልሞተም። ነዳጅ ዘይት እየረከሰ ሲሄድ በየቦታው ቢዘጋም፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጀርሚስተን ላይ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከሸንኮራ ዝቃጭ አሴቶን ሲያወጡ ቆይተዋል። ዛሬ መደርደሪያ ላይ የምታገኙት አሴቶን በአብዛኛው ከነዳጅ የመጣ ነው።

እኛስ? አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው ነሐሴ 1929 ነው። ከጂቡቲ የመጣች ፖቴ 25 የምትባል የፈረንሳይ አውሮፕላን፣ ክንፏ በጨርቅ የተለበጠ። ማለት፣ ያ ዶፕ የተቀባ ጨርቅ ነው እዚያ ሰማይ ላይ የታየው። በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር «ፀሐይ»ን ሠራ፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች ትንሽ አውሮፕላን። ጣሊያኖች ወሰዷት፣ ሮም አጠገብ ሙዚየም ውስጥ ስትቀመጥ ኖራ በጥር 2024 መጨረሻ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ፎቶዋን ሳይ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን ይመስላችኋል? «ይህችን የሚያጸዳት ሰው በምን ነው የሚያጸዳት?» ነው። ከክንፉ ወዲህ አእምሮዬ እንዲህ ሆኗል በቃ።

አሁን ወደ ነጩ ክንፍ። የጨርቅ ዘመን ያለቀው ለዳኦኖች በ1957 ነው ማለት ይቻላል፤ በዚያ ዓመት ኅዳር ውስጥ የሽቱትጋርት ተማሪዎች የሠሯት «ፎኒክስ» ከመስታወት ክርና ከሙጫ ተሠርታ በረረች። ተማሪዎች ናቸው፣ የኛ ዕድሜ። ከዚያ ወዲህ ዳኦን ማለት ሬንጅ በጠጣ የመስታወት ወይም የካርቦን ጨርቅ የተሠራ ገላ ነው፣ ከላዩም ጄልኮት የሚባል ነጭ ልባስ አለው። ጄልኮት ፖሊኤስተር ነው፤ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ውፍረት ያለው፣ ከሥሩ ያለውን ከፀሐይና ከእርጥበት የሚጠብቅ። ነጭ የሆነውም ለውበት አይደለም። ከሥሩ ያለው ሬንጅ ከ54 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጥንካሬው ላይ እምነት ስለማይጣል ነው። ጥቁር ክንፍ በኛ ሐምሌ ምን እንደሚሆን አስቡት።

አሴቶን እዚያ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ ምን ይሠራ ነበር? እሱም ምክንያት አለው። ገና ያልደረቀ ሬንጅ ከብሩሽና ከመሣሪያ የሚታጠበው በአሴቶን ነው። ማለት፣ የቤቱ ዕቃ ነው፤ ግን ለመሣሪያ እንጂ ለክንፍ አይደለም። የደረቀ ጄልኮት በአሴቶን እንደ ስኳር አይሟሟም። ቶሎ ጠርገው ካለፉ ብዙም ላይጎዳው ይችላል፤ ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው «እኔ ሁሌ እጠቀማለሁ፣ ምንም አልሆነ» የሚለው። ነክሮ ጥሎ ውኃ መጠጣት ነው ጉዳቱ። ይጠጣዋል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ማብረቅረቁ ይሄዳል። የፓይለቱ ክዳን ደግሞ ፕሌክሲግላስ ነው፣ ለሱ አንድ ጠብታ በቂ ነው። አስታውሱ፣ አሴቶን ለአውሮፕላን የተመረጠው መጀመሪያውኑ ፕላስቲክ ስለሚያሟሟ ነበር! በ1916 ሥራው የነበረው ነው በኔ እጅ ጥፋት የሆነው።

ታዲያ በምን? ከጥፋቴ በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ቁጭ አድርጎ አስተማረኝ፣ ካነበብኩትም ጋር ይገጥማል። ከሁሉ በፊት ውኃ፣ ብዙ ውኃ። አቧራችን አሸዋ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ብታሹት ትፍቃላችሁ። ክንፉ ፊት ላይ የደረቁ ነፍሳት በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍነው ትንሽ ቢቆዩ ራሳቸው ይለቃሉ። እዚህ ጨርቅ ጥሎ ውኃ መጠጣት ይፈቀዳል [ሳቅ]። ከዚያ ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅና ማድረቅ፤ ምክንያቱም ጄልኮት እርጥበትም ቀስ በቀስ ይጎዳዋል።

ይህ ካላስለቀቀው ብቻ ነው ወደ አሟሚ የሚሄዱት፣ ከለዘብተኛው ጀምሮ። ለፕላስተር ሙጫ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ወይም ንጹሕ ነጭ ቤንዚን የሚባለው የጽዳት ቤንዚን፤ ፈሳሹ ክንፉ ላይ አይፈስም፣ ጨርቁ ላይ ይደረጋል፣ ይታሻል፣ ወዲያው በውኃ ይጠረጋል። ከሁሉ በላይ ግን ሙጫው ገና ሳይጋገር ማታውኑ ፕላስተሩን ማንሳት። ክዳኑ አጠገብ አልኮልም አይቀርብም፤ ለሱ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ በቃ። ሲሊኮን ያለው ማስዋቢያም አይቀባም፤ ያምራል፣ ግን አንድ ቀን ክንፉ ሲጠገን አዲሱ ቀለም አልይዝም ይላል።

ቤንዚን ስል ደግሞ ተጠንቀቁ። በአማርኛም በዕብራይስጥም ቤንዚን ማለት መኪና የምንሞላው ነው፣ የጽዳቱ ቤንዚን ግን ሌላ ነው። የመኪናው ቤንዚን ውስጥ ቤንዚን ከሚለው ጋር ስሙ የሚመሳሰል ቤንዞል የሚባል ነገር አለ፣ የደም ካንሰር የሚያመጣ። የአያቶቻችሁ ትውልድ ቅባት በመኪና ቤንዚን ያስለቅቅ ነበር፣ እጁንም ታጥቦበታል። አታድርጉት። በድሮ መጻሕፍት የምታዩትን ትሪክሎሮኤትሊን እና ካርቦን ቴትራክሎራይድም አትፈልጉ፤ ቅባት ለማስለቀቅ ድንቅ ነበሩ፣ የመጀመሪያው ካንሰር ያመጣል፣ ሁለተኛው እንደ ቴትራክሎሮኤቴን ጉበት ይበላል። ለሰው እጅና ሳንባ ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር አሴቶን ዋህ ነው፣ ሰውነታችን ራሱ ጥቂት ይሠራል። ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ እንኳ እንፋሎቱ እሳት ይይዛል፤ በኛ ሙቀት የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ስነግራት እንዶድ አነሳችብኝ። አገር ቤት፣ ጎንደር ገጠር፣ ነጠላና ጋቢ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውኃ ውስጥ አረፋ ያወጣል፣ ነጩን ነጭ ያደርገዋል። አሟሚ አይደለም እንግዲህ፣ ሳሙና ነው፤ ቅባቱን ይይዝና ከውኃው ጋር ያስማማዋል። «ሸማውን አይበላም፣ እጅንም አይልጥም» አለችኝ። አያቴ ግን ልጆቹን ከእንዶዱ ውኃ በታች ከወንዙ እንዳይጠጡ ትከለክል ነበር አሉ።

አያቴ ልክ ነበረች። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሲሄድ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አየ። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያች አንድ እይታ ተነስቶ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንደሚያገለግል ለዓመታት መረመረ፤ በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ለሸማው ደኅና፣ ለእጁ ደኅና፣ ለቀንድ አውጣው ሞት። ሄንደን ውስጥ የጠየቅነው ጥያቄ ወንዝ ዳርም አለ ማለት ነው፤ ልዩነቱ አያቴ ጠይቃዋለች።

ክንፉን በተመለከተ፣ የደበዘዘው ቦታ በጣም ደቃቅ በሆነ የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ተፍቆ፣ ተወልውሎ፣ ሰም ተቀብቷል። እኔው ነኝ የፈቀቅኩት፣ ሁለት ሻባት ሙሉ። መካኒኩ ቆሞ ሲያየኝ «ከዚህ በላይ ከፈቀቅሽ ጄልኮቱ ያልቃል» እያለ ያስቆመኝ ነበር። ክዳኑ ግን አልተስተካከለም፤ ጠርዙ ላይ ስለሆነ ለመብረር አይከለክልም ብለው ተዉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስበር ከኋላ ወንበር ነበርኩ፣ በግራ በኩል ያ ውርጭ የመሰለ ነገር አለ፣ ከሱ አልፎ የይዝራኤል ሸለቆ ይታያል።

እማዬ አንድ ቀን ትመጣለች ብያለሁ። እሷ ግን «እኔ አልበርም፣ አንዴ በርሬ መጥቻለሁ፣ ይበቃኛል» ትላለች፤ የ1991ዱን ማለቷ ነው።

በሚቀጥለው ክፍል ከእናቶቻችን ጋር ስለ ሥራቸው እናወራለን። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ እናታችሁን ወይም አክስታችሁን፣ ጽዳት የሠራች ካለች፣ በምን እንደምታጸዳ ጠይቋት። የጄሪካኑን ቀለም፣ ሽታውን፣ ምን እንዳሏት። በድምፅ ቅዱና ላኩልኝ፤ ስም አንጠራም፣ የሥራ ቦታም አንጠራም። ሻባት ሻሎም።